ነጭ ቀለም ያልተቀባው ብሎን

ፅዮን ገብረ አምላክ ስትናደድ ብሎን ታጠብቃለች። ሌላው ሰው ሲናደድ በር ያላትማል፣ ሳህን ይሰብራል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያማል፤ እሷ ግን ቱታዋን እስከ አንገቷ ቆልፋ መኪና ሥር ትገባለች። ሰቆጣ ውስጥ የአባቷን ጋራዥ የሚያውቅ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል። «ዛሬ ፅዮን ተቆጥታለች፣ መኪናህን ቶሎ አምጣ፤ ዓመት አይላላልህም» እየተባባሉ ይቀልዳሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የተቆጣ መካኒክ ጥሩ መካኒክ አይደለም። ምስክሬ ያ ሐሙስ ነው።

ያን ሐሙስ የእንስሳት ሕክምና ቡድኑ አሮጌ ላንድ ክሩዘር ጋራዡ መሃል በብረት መቆሚያ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። የዚህ መኪና ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ጎማውን ከመኪናው የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ብራቾዎች፣ የመኪናው ክንዶች በሏቸው፣ አጫጭር ናቸው። ክንዱ አጭር ሲሆን ጎማው እንደ ልቡ መውጣትና መውረድ ያቅተውና ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ በቀጥታ ለተሳፋሪው ወገብ ያስረክባል። ቡድኑ ፍየል ሊከትብ በሚወርድበት በአበርገሌ ቁልቁለት ደግሞ ድንጋይ ሞልቷል። የክትባቱ ጠርሙስ ተሰባብሮ፣ ሰዉም ወገቡን ይዞ ነበር የሚመለሰው። ስለዚህ ረጃጅም ብራቾና ረዘም ያለ ሞላ ከአዲስ አበባ መጣ። ፅዮን የድሮውን ማሰሪያ ቆርጣ ጣለችና አዲሱን ወደ ኋላ አርቃ ሻንሲው ላይ በየደችው። አባቷ ጋሽ ገብረ አምላክ ብየዳውን በመዶሻ መታ መታ አድርገው አዳመጡና «ይሄስ ከኔም ይሻላል» ብለው ሄዱ። እሳቸው እንዲህ የሚሉት በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

መኪናውን ያመጣው ዶክተር ዓለምነህ ነበር። የጎጃም ልጅ ነው፤ ሰቆጣ ተመድቦ ከመጣ ሦስት ዓመቱ። ፍየል በሁለት ሰከንድ ይከትባል፤ አስራ ሰባት ቁልፍን ከአስራ ዘጠኝ ቁልፍ መለየት ግን አልሆነለትም ይባላል። ከሥራ ሲወጣ ጋራዡ ጎራ ይልና «ላግዝሽ?» ይላል። እሷም መኪና ሥር ሆና «አስራ ዘጠኝ» ስትለው አስራ ሰባት ያቀብላታል። ሌላ ሰው ቢሆን በቁልፉ ትመልስለት ነበር። እሱን ግን ምንም አትለውም። እዚያው በጀርባዋ ተኝታ ፈገግ ትልና «ሌላኛውን» ትለዋለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት የፍቅር ቃል አልተለዋወጡም። መተያየቱ ግን ነበር፤ ምን ያደርጋል ታዲያ፣ እሱ ዐይኗን አይቶ ሊናገር ሲል እሷ እጇን ቱታ ኪሷ ውስጥ ትከታለች። በእጇ ታፍራለች። ጥፍሯ ሥር ያለው ግራሶ በኦሞም በሎሚም አይለቅም። «ነጭ ጋዋን የሚለብስ ሰው ይህን እጅ አይቶ ምን ይላል?» ትላለች ለራሷ። ከተማውም አላገዛትም፤ «ዶክተሩ መካኒክ ሊያገባ ነው እንዴ?» ብለው ሲስቁ በጆሮዋ ሰምታለች።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጎማ ቁልፍ ስትፈልግ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈተች። ቁልፉ የለም። አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። ማኅተም አለው። ማንበብ አልነበረባትም፤ አነበበችው። «የዝውውር ጥያቄዎን ይመለከታል» ይላል። «…ወደ ባሕር ዳር ተዛውረው እንዲሠሩ የተፈቀደልዎ መሆኑን እየገለጽን…» ቀኑን አየችው። ዓለምነህ መኪናውን ጋራዥ ያስገባበት ቀን ነው።

ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመላት። ለካ ሲቸኩል የነበረው ለዚህ ነው! «ለቅዳሜ ካልደረሰልኝ አለቀልኝ» ሲላት የሰነበተው መኪናውን በጤናው አስረክቦ ሊሄድ ነው። ሦስት ሳምንት በጀርባዋ ተኝታ የሠራችው መሸኛውን ነው። ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ መለሰችው። ማንኛውንም ብረት ገልብጣ ሆዱን ሳታይ የማትገጥም ልጅ፣ ያቺን አንዲት ወረቀት ሳትገለብጥ ፈረደች። አንጀቷ እንዲህ ሲቃጠል ማን ቆም ብሎ ያስባል?

አመሻሹ ላይ ዓለምነህ እንደ ልማዱ መጣ።

«ፅዮን፣ እንዴት ዋልሽ? ላግዝሽ?»

«አያስፈልግም፣ ዶክተር።»

ዶክተር ብላው አታውቅም። ሰውየው ግራ ገባው።

«ደክሞሻል መሰለኝ። አይዞሽ፤ ቅዳሜ አበርገሌ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«አሁን ንገረኛ።»

«አሁንማ አይሆንም፤» አለና ጆሮው ቀላ። «በወጉ ነው መሆን ያለበት።»

በወጉ መሰናበት ማለቱ ነው ብላ አሰበች። እንባዋ ሲመጣባት መኪና ሥር ገባች። እሱም ጫማዋን እያየ ትንሽ ቆሞ ሄደ። ሁለቱም ያን ምሽት እራት አልበላላቸውም።

ዓርብ ሥራው ማለቅ አለበት። እዚህ ላይ የጋሽ ገብረ አምላክን ሕግ ልንገራችሁ። በእያንዳንዱ ብራቾ ጫፍ ውስጥ ጎሚኒ የሚባል ላስቲክ አለ። ብሎኑ መኪናው ተሰቅሎ ሳለ በእጅ ብቻ ይገባል። በቁልፍ የሚጠብቀው መኪናው ወርዶ፣ በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን መሬት ላይ ከጣለ በኋላ ነው። አየር ላይ እንዳለ ከጠበቀ ላስቲኩ መንጠልጠሉን እንደ ቦታው ይቆጥረዋል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ይጠመዘዛል፣ መንገድ ላይ ይቀደዳል። መሬት ላይ የጠበቀ ብሎን ሁሉ ደግሞ ራሱ ላይ አንዲት ነጭ ቀለም ይቀባል። በዚያ ጋራዥ ነጭ ያልተቀባ ብሎን ይዞ የወጣ መኪና የለም።

ያን ዓርብ ጋሽ ገብረ አምላክ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ቁልፍም እንደዚያው ነው። ፅዮን ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ ሁሉንም ብሎን እስኪንጣጣ አጠበቀችው። «ባሕር ዳር!» ትላለች፣ ትጠመዝዛለች። «በወጉ!» ትላለች፣ ትጠመዝዛለች። ከዚያ መኪናውን አወረደችና ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ዓለምነህ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፍየል ሊከትብ ለሚሄድ ሰው በዝቷል። የሞተሩን ቁልፍ ዘረጋችለት፤ እሱ ጣቷን እንዳይነካ ጫፉን ይዛ ነው የሰጠችው።

«ፅዮን…»

«መልካም መንገድ፣ ዶክተር።»

ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው፤ ከዚያም ተመልሳ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች። ሦስት ሰዓት ገደማ አባቷ ገቡ፤ መኪናው የነበረበትን ቦታ አዩና እንደ ዘወትሩ ጠየቁ።

«መሬት ላይ አጠበቅሽው?»

«አዎ አባ…» ብላ ጀመረችና ዐይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። የነጭ ቀለሙ ቆርቆሮ እንደተከደነ ነው። ክዳኑ ላይ የሦስት ሳምንት አቧራ አለ።

«ወይ ጉዴ!» አለች። «አባ፣ አየር ላይ ነው ያጠበቅኩት። ሁሉንም!»

አባቷ አልጮሁባትም፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር። ፅዮን ለዓለምነህ ስልክ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ለአፍታ «ይበለው፣ ይንገጫገጭ» የምትል ክፉ ሐሳብ መጣችባት። ወዲያው ደግሞ ያ ቁልቁለት ታያት፤ ላስቲኩ ተቀዶ፣ ብራቾው ሲንቋቋ፣ መሪው ወደ ገደሉ ሲጎትት፣ ያ ነጭ ሸሚዝ… ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም። ይሂድ፣ ባሕር ዳርም ይሂድ፣ ሌላም ያግባ፤ ብቻ በሷ እጅ አይሙት! ሃያ ሁለት ቁልፉንና የቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ወደ አበርገሌ ማሽላ ሊጭን የሚወርድ አይሱዙ አገኘችና ጋቢና ውስጥ ገባች። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ በየመታጠፊያው አንገቷን እያሰገገች ስሙን በልቧ ትጠራ ነበር።

ከአንድ ግራር ሥር አገኘችው። መኪናው ፊቱን ወደ ሰቆጣ አዙሮ ቆሟል። ዓለምነህ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ የበሽታውን ስም እንደማያውቅለት በሬ ይመለከተዋል። ደህና ነው! ከአይሱዙው ዘላ ወረደች። ከዚያ ነው ሌሎቹን ያየቻቸው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ የአበርገሌን ሙቀት ንቀው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንቺ… እዚህ… እንዴት?» አለ ዓለምነህ። እንደ ደነገጠ ያስታውቃል። ሽማግሌዎቹንም እሷንም አየ፤ መደበቂያ ያጣ ይመስል ነበር።

«ብሎኑን አበላሽቼው ነው የሰጠሁህ፤» አለች ሳታየው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይንቋቋል?»

«ትንሽ። ድምፁ ከመጣ አንድ ሰዓት አይሆነውም። ስመታ የቆየሁት ጎማውን ነበር።»

«ጎማው ምን በደለህ?»

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አባ ምሳው፣ ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። «ይህቺ ማን ናት፣ ልጄ?»

«መካኒኳ ናት፣ አባ።»

«የማን ልጅ?»

ዓለምነህ ጎማውን እንደገና መታ መታ አደረገው። ጆሮው ግን ቀላ።

ፅዮን ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጋ ገባች። እግዜር ይመስገን፣ ላስቲኮቹ ተጠማዘዋል እንጂ አልተቀደዱም፤ አንዱ ብቻ ጫፉ ላይ ሰንጠቅ ብሏል። ብሎኖቹን ሁሉ አላላች። መኪናው እፎይ ያለ ያህል ዝቅ አለና ቦታውን ያዘ። «ይዞት የሚሄደውን ክብደት ይዞ ቢጠብቅ ይሻላል፤» ብላ ወጣች። «አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ግቡበት።» አባ ምሳው ለመውጣት ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጀርባቸውን ደግፋ አስገባቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ሥር ገባች።

ሽማግሌዎቹ ከበላይዋ ሆነው ማውራት ጀመሩ። በኽምጣና ነው የሚያወሩት፤ ዓለምነህ ከሰላምታ በቀር አይችለውም። ኽምጣና ግን ፅዮን ከእናቷ ጋር አፍ የፈታችበት ቋንቋ ነው።

«እኔ ነኝ የምጀምረው፤» ይላሉ አባ ምሳው። «‹ገብረ አምላክ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልጅ ፈልገን ነው የመጣነው› ነው የምለው።»

«ቆየት ብለህ ጀምር እንጂ! ዘለህ ልጅ ፈልገን ይባላል?» አሉ ሁለተኛው።

«ስሟን ደግሞ እንዳትረሳ፤» አሉ ሦስተኛው። «ፅዮን ናት። ባለፈው ሰርግ የሌላ ሙሽራ ስም ጠርተህ ጉድ ሠርተኸናል።»

ቁልፉ ከፅዮን እጅ ወድቆ ደረቷ ላይ አረፈ። አላመማትም። ፀሐይ ቀትር ላይ ናት፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ እሱም አልተሰማትም። ደስታ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር።

«ዓለምነህ፣» አለች ቀስ ብላ፤ ዶክተር አላለችውም። «ና ግባ። ቁልፍ የሚያቀብለኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ነጭ ሸሚዙን ሳያስብ በጀርባው ተንሸራቶ አጠገቧ ገባ።

«ባሕር ዳር መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። «አየሽው? ለዚህ ነው ሐሙስ…?» ከዚያ ራሱን ወደ ውጭ አወጣና ወደ ላይ ጮኸ። «አባ ምሳው! እዚያ ፊትዎ ያለውን ኪስ ከፍተው ወረቀቱን ያቀብሉኝ!»

ወረቀቱ በመስኮት ወረደ። ዓለምነህ ገልብጦ ሰጣት። ጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ የመልስ ረቂቅ። «…ጥያቄውን ያቀረብኩት ከሦስት ዓመት በፊት ገና እንደተመደብኩ ሲሆን፣ በአሁኑ ሰዓት በሰቆጣ ከተማ ትዳር ለመመሥረት በማሰቤ ዝውውሩ እንዲሰረዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» «በሰቆጣ ከተማ» ከሚለው ቀጥሎ «ከአንዲት መካኒክ ጋር» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። የቢሮ ደብዳቤ ላይ አይባልም ብሎ ይሆናል። ፅዮን ያቺን የተሰረዘች መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። በሕይወቷ የፍቅር ደብዳቤ ደርሷት አያውቅም፤ የመጀመሪያው «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይመጣል ብላም አልጠበቀችም።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም።

«እዚህ ዘመድ የለኝም፣ ፅዮን። ሦስት ዓመት ፍየላቸውን የከተብኩላቸው ሰዎች ናቸው ዘመዶቼ። ሽማግሌ ሁኑልኝ ብላቸው፣ ‹በዚያች መኪና ሽማግሌ ሆነን ሄደን ሬሳ ሆነን ልንመለስ ነው? መጀመሪያ አሳክማት› አሉኝ። ለዚያ ነው የቸኮልኩት። አንቺን ደግሞ አባትሽን ሳልጠይቅ በየጋራዡ ብናገር ነውር መሰለኝ።»

«እኔን ሳትጠይቅ አባቴን ልትጠይቅ ነበር?»

ለሦስት ዓመት የጠበቀችውን ጥያቄ አባቷ ቀድመዋት እንዲሰሙት አልፈለገችም።

«ጠይቀኛ፤» አለችው።

«እዚህ? መኪና ሥር?»

«እኔ የምኖረው እዚህ ነው።»

ዓለምነህ ወደ እሷ ዞረ። የጭቃ መከላከያው አቧራ ፀጉሩ ላይ ወርዷል። «ሌላ ቦታ መኖር አልችልም፤» አለ። «አንቺ ‹ሌላኛውን› የምትይኝ ቦታ ካልሆነ የትም አልኖርም። አስራ ሰባትና አስራ ዘጠኝን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ለይቼ አውቃቸዋለሁ፣ ፅዮን። ሁለት ጊዜ እንድትጠሪኝ ብዬ ነው። አግቢኝ።»

ሦስት ዓመት! ይህን ሁሉ ጊዜ! እጇን ወደ ኪሷ ልትከት ስትል ያዛት። ያን ግራሶ የጠገበ እጅ በሁለት እጁ ያዘና ግንባሩ ላይ አደረገው፤ ግንባሩ ጠቆረ፤ ግድም አልሰጠው።

«እሺ፤» አለችው። «እሺ፣ ዓለምነህ። ሃያ ሁለቱን አቀብለኝ።»

በአንድ ጊዜ ትክክለኛውን አቀበላት። ሁሉንም ብሎን መሬት ላይ፣ ክብደቱ እንዳለ፣ ተረጋግታ አጠበቀችው። እያንዳንዱም ላይ ነጭ ቀለም ቀባች።

«ልጆች!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ፤ አባ ምሳው ናቸው፣ አሁን በአማርኛ። «ብሎኑ አልጠበቀም እንዴ? እኛ እዚህ በስለናል!»

ስትወጣ ዐይኗ ቀልቷል፣ የዶክተሩም ግንባር ጠቁሯል። ሽማግሌ የሚባለው ሰው ምን ይነገረዋል? ሦስቱ ተያዩ። ፅዮን አንገቷን ደፍታ በጥሩ ኽምጣና «መንገዱ አደከማችሁ፣ አባቶቼ» ስትላቸው ከበላይዋ ሆነው የተናገሩትን ሁሉ እንደሰማች ገባቸውና ሦስተኛው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ስሚ ልጄ፤» አሉ አባ ምሳው። «ሽማግሌ ሙሽራዋን ጭኖ አባቷ ቤት አይሄድም፤ ውርደት ነው። አንቺንም እዚህ በረሃ አንጥልሽም። እንግዲያው ከኋላ ተቀመጪ፤ እኛ አላየንሽም።»

አላዩዋትም። ከክትባት ሣጥኖቹ መሃል ቁጭ ብላ መጣች። ረጅሙ ብራቾ ድንጋዩን ሲወጣና ሲወርድ ከሥር ይሰማታል፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልተነቃነቁም፤ አንዱማ አንኮራፉ። በመስታወቱ ውስጥ የዓለምነህ ዐይን እየደጋገመ ይፈልጋታል። ከተማው ዳር ስትደርስ ወርዳ በጓሮ ገባች፤ ለአባቷም «ደርሼ አስተካከልኩት» ብቻ አለቻቸው። ከሱ በላይ ብትናገር ልቧ ከአፏ የሚወጣ መስሏት ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስቱ ጋቢዎች የጋሽ ገብረ አምላክ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ፅዮን ጓዳ ሆና ከመጋረጃው ጀርባ ትሰማለች።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ተቀመጡ። ምን እግር ጣላችሁ?»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤» አሉ አባ ምሳው። ከዚያም ቆየት ብለው፣ ደህና አድርገው፣ ስሟንም ሳይስቱ ተናገሩ። ልጁ ከሰቆጣ ነቅሎ እንደማይወስዳት፣ ደብዳቤውን ጽፎ እንደጨረሰ፣ ለፍየሎቻቸው የሆነውን ሁሉ መሰከሩ።

ጋሽ ገብረ አምላክ በሩን ሊገፉ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ዞሩና ጀርባቸውን አይተው ተመለሱ። ፅዮን መጋረጃውን ጨብጣ ትጠብቃለች። አባቷ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ አንድ ጊዜ አጥብቂ ያሉትን ብሎን እንኳ መልሰው አስፈትተው አያውቁም።

«ልጄን አይታችኋታል?» አሉ በመጨረሻ።

«የት አይተናት!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«እንደው መንገድ ላይም አላጋጠመቻችሁ?»

«በፍጹም!»

«አባ ምሳው፣ እስቲ ዞር ይበሉልኝ።»

አባ ምሳው ዞሩ። ነጩ ጋቢ ጀርባ ላይ፣ ልክ ትከሻው ሥር፣ አምስት ጣት ከነመዳፉ በግራሶ ታትሟል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁን ነው ያዩት።

ጋሽ ገብረ አምላክ ተነሡና በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

«ይህቺን እጅ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። የትም ባያት አልስታትም፤» አሉ። «እንግዲህ ልጄ ሽማግሌዎቿን በገዛ እጇ ደግፋ መኪና ላይ ካወጣች፣ እኔ ምን ብዬ አወርዳችኋለሁ? ተቀመጡ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ሲቀመጡ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። ፅዮን መጋረጃው ጀርባ እጆቿን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች። ግራሶ ግራሶ ይሸታሉ፤ ልታጥባቸውም አልተነሣችም።